ጾም ሲፈታ የሚነሳብኝ ሕመም

የሚያመኝ በበዓል ነበር። ሌላው ሰው ጾሙን ፈትቶ ሲደሰት እኔ ሆዴን ይዤ እጠቀለላለሁ። ይሄን ሳወራ ዛሬ ልጆቹ ይስቃሉ፣ እኔም አንዳንዴ አብሬ እስቃለሁ። ያኔ ግን የሚያስቅ አልነበረም። የሆዴ ነገርማ በኋላ መፍትሔ አገኘ። በሆዴ ሰበብ ጎረቤቴን ያስቀየምኩት ግን ሳስበው ግራ ይገባኛል፤ ያኔም ግራ ገብቶኝ ነው ያደረግኩት።

የምንኖረው ናዝሬት ነው፣ አሁን አዳማ የሚሉት። ዘመኑ የደርግ ነው፤ መሠረተ ትምህርት ተጀምሮ እኛ እናቶችም ቀበሌ አዳራሽ ገብተን ሀ ሁ የምንልበት ጊዜ። ባሌ ወንጂ ከሸንኮራው ጋር ነው የሚውለው፣ ቅዳሜ መጥቶ ሰኞ ይሄዳል። እኔ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም እቸረችራለሁ። ሦስት ልጆች አሉኝ። አማቴም ከምንጃር መጥተው ከእኛ ጋር ናቸው። ደግ ሴት ነበሩ፣ ኋላ የማወራውን ሰምታችሁ ክፉ ሴት ናቸው እንዳትሉ። ልጆቼን ያሳደጉልኝ እሳቸው ናቸው።

ጎረቤቴ ደግሞ ከአርሲ ነች፣ ከዴራ ወዲያ። እስላም ነች። ቤታችንን ከቤቷ የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ እሷ ስታስል እኔ እሰማለሁ፣ እኔ ልጅ ስቆጣ እሷ ከወዲያ “ተይው” ትለኛለች። ባሏ ሻሸመኔ እህል የሚያመላልስ ሾፌር ነው። እሷ ቅቤ ትነግዳለች። የገጠር ሴቶች በጉሎ ቅጠል ጠቅልለው ያመጡላታል፣ ትገዛና ትሸጣለች። ስሜን ጠርታኝ አታውቅም፤ ኦቦሌቲ ነው የምትለኝ፣ እህቴ ማለቷ ነው። ያላት እህት ሞታባት ነበር። ስትጠራኝ እሷን እንደምትጠራ ይገባኛል፣ ስለዚህ ሲጠሩኝ ቶሎ አቤት የምለው ለእሷ ነው።

መጀመሪያ ያመመኝ ትንሿ ልጄ በተወለደች ዓመት ነው፣ በገና። ነቢያትን ጾሜ፣ ምሳ ላይ ዶሮውን በላሁ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከቀኝ ጎኔ፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር፣ አንድ ነገር ጨምድዶ ያዘኝ። ምን እንደሚመስል እንዴት ልንገራችሁ፤ ምጥ አይደለም፣ ምጥ እንኳ ያዝ ለቀቅ ያደርጋል። ይሄ ይዞ ቀረ። ወደ ጀርባዬ ዞረና ከቀኝ ትከሻዬ ሥር ወጣ። አስመለሰኝ። መቀመጥም መተኛትም አቃተኝ፣ ቤቱን ስዞር ዋልኩ። ከዚያ ደግሞ ማታ ላይ ልክ ማንም እንዳልነካኝ ሆኖ ተወኝ።

ሰው ሁሉ ጨጓራ ነው አለ። ያኔ ከእምብርት በላይ ያመመው ሁሉ ጨጓራ ነው። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ ሲኒ ቀልጦ የነጠረ ቅቤ መጠጣት። ሆድ ያለሰልሳል፣ ቁስል ያሽራል ይባላል። ጎረቤቴ ከመጣላት ቅቤ ሁሉ መርጣ፣ ጠረኑን አሽትታ፣ ቀለሙን አይታ ለጋውን ታስቀምጥልኝ ጀመር። ራሷ አንጥራ፣ ለብ እንዳለ በግድግዳው ጫፍ ታሻግርልኛለች። “ሳትተነፍሺ ጨልጪው፣ ከተነፈስሽ ይተናነቅሻል” ትለኛለች። እጨልጣለሁ። አንዳንድ ቀን ደህና እውላለሁ፣ አንዳንድ ቀን ያ ነገር ይመጣል። ሲመጣ መጠኑ አንሶ ነው ብለን እንጨምራለን።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ቅቤው ቀረ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾምኩ፣ ከዚያ ሽሮዬንና ምስሬን እየበላሁ፣ ሃምሳ አምስት ቀን አንድም ጊዜ አላመመኝም። ታዲያ እኔ ምን አልኩ? እግዜር ጾሜን ተቀበለልኝ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ። ሰሙነ ሕማማትንማ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ገፋሁት፤ ሰውነቴ ከሳ፣ ቀሚሴ ሰፋኝ፣ ገበያ ላይ ሴቶቹ ታመምሽ ወይ ይሉኛል፣ እኔ ዳንኩ እላለሁ።

ፋሲካ ዕለት ጎረቤቴ ከነልጆቿ መጣች። ሁልጊዜ ትመጣለች። የእኛን ሥጋ አትበላም፣ እኛም በእነሱ ዒድ የእነሱን አንበላም፤ ግን አለመሄድ ነውር ነው። ድፎ ዳቦ ቆርሼላት ሻይ ቀድቼላት በሩ አጠገብ ተቀመጠች። እኔ እበላለሁ፣ እሷ ታወራለች። ዶሮው ላይ ቅቤው ተንሳፍፏል። እያየችኝ ትስቃለች። “ሃምሳ አምስት ቀን ያለፈሽን በአንድ ትሪ ልትጨርሺው ነው? ለነገም ተይለት” አለችኝ። አማቴ አልሳቁም። እኔ አፌ ሞልቶ ሳቅኩ።

ከሄደች በኋላ አንድ ሰዓት አልሞላም፣ ያ ነገር ያዘኝ። ያን ቀን የያዘኝ እንደ ገናው አይደለም። መሬት ላይ ተንበረከክሁ። ልጆቹ አለቀሱ። ባሌ በዓሉን እቤት ነበር፣ የሚያደርገው ጠፍቶት በሩ ላይ ይቆማል ይገባል።

አማቴ ያኔ ነው የተናገሩት። ዓይን ነው አሉ። የገናን ዶሮ ስትበዪም መጥታ ነበር፣ ዛሬም መጥታለች፤ እሷ ራሷ አትበላም፣ ተቀምጣ የሚበላ ሰው አፍ ታያለች። በጾምሽ ጊዜ ለምን አላመመሽም? ዓይን የሚገባ ምግብ ስለሌለ ነው። አንድ በአንድ ሲሉት ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። እኔ ያንን ሕመም ይዤ የማስብበት አእምሮ የለኝም፤ ግን እውነቱን ልናገር፣ ባስብም የምመልሰው አልነበረኝም። በበዓል መምጣቷ እውነት ነው። አለመብላቷ እውነት ነው። በጾም አለማመሜ እውነት ነው። ከዚህ ሁሉ እውነት ውስጥ ውሸቱ የትኛው እንደሆነ እንዴት ልወቅ?

የቡዳ መድኃኒት በእኛ ዘንድ የታወቀ ነው። ያየሽ ሰው የለበሰው ጨርቅ ተቆርጦ ፍም ላይ ይደረግና ትታጠኚበታለሽ። ጎረቤቴ ያጠበችው ሻሽ ግቢዋ ውስጥ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር፤ አረንጓዴ ነው፣ ጠርዙ ላይ ዘርፍ ያለው። አማቴ ምላጭ ይዘው ወጡ፣ ጥቂት ቆይተው ጣት የምታህል ጨርቅ ይዘው ተመለሱ። አየሁ። ዝም አልኩ። ጋቢ ከላዬ ጣሉብኝ፣ ፍሙን ከሥሬ አደረጉ። ጭሱ አንገሸገሸኝ፣ አስመለሰኝ፣ ካስመለሰኝ በኋላም ብዙ ቆይቶ ሕመሙ ተወኝ።

ያ ነው እኔን ያሳመነኝ። ታጠንኩ፣ ተወኝ። ገና ላይ ምንም ሳልታጠን ማታ እንደተወኝ ትዝ አላለኝም። ሰው ሲሻለው አያስታውስም።

በማግስቱ ጎረቤቴ ሻሿን ይዛ መጣች። አማቴ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ሻሹን ዘርግታ የተቆረጠውን ቦታ አሳየችኝ። ምላጭ የቆረጠው አይጥ ከበላው ይለያል። በእነሱም አገር ይሄ ነገር ይታወቃል፤ ምን እንደሆነ ልነግራት አላስፈለገም። እኔ ጭቃውን ወለል አያለሁ።

“ኦቦሌቲ” አለችኝ፣ “ስጪኝ ብትዪኝ ሙሉውን እሰጥሽ አልነበር?”

ሻሹን አጣጥፋ ሄደች። ከሄደች በኋላ ልጠራት ወደ ግድግዳው ሄጄ ነበር። ምን ብዬ እንደምጠራት ጠፋኝና ተመለስኩ።

ቀበሌ አዳራሽ አንድ አግዳሚ ላይ ነበር የምንቀመጠው፤ እሷ ፊደሉን ከእኔ ቀድማ ትይዛለች፣ እጄን ይዛ ትመራኛለች። ማክሰኞ ስገባ ከፊት ሄዳ ከሌሎች ሴቶች መሃል ተቀምጣለች። አስተማሪዋ ምን ነካችሁ አለችን። ያን ቀን “ረ” እና “ሬ” ተምታቱብኝ፣ ደብተሬን ዘግቼ ወጣሁ።

ታዲያ ችግሩ ምን ሆነ መሰላችሁ፤ ሕመሙ አልቀረም። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳው ቀን ጾም የለም፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል። አማቴ ጨጓራዬን ለማዳን ብለው ቅቤውን ከሌላ ሴት ገዝተው ጠዋት ጠዋት ያጠጡኛል። ጎረቤቴ ከዚያ ወዲህ ደጃችንን አልረገጠችም፣ ሕመሙ ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ ይመጣል። እኔ ግራ ገባኝ። አማቴን ጠየቅኳቸው፣ ሴትየዋ አትመጣም፣ ታዲያ ማን ነው የሚያየኝ አልኳቸው። ቂም ይዛ ከሩቅ ነው አሉኝ። ከሩቅ ከሆነ ታዲያ በሁዳዴስ ከሩቅ መሆን አትችልም ነበር? ይሄን በሆዴ አልኩ፤ ለእሳቸው አላልኩም። ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ክር ስስብ ሌላው ይተበተባል።

ሰኔ ሊገባ ሲል ዓይኔ ቢጫ ሆነ። ሽንቴ የቆየ ሻይ መሰለ፣ ሰውነቴ እያሳከከኝ ራሴን ቧጨርኩ፣ ብርድ ብርድ ይለኛል። የወፍ በሽታ ነው ተባለ። ሞጆ አጠገብ የሚያጠጣ ሰው አለ ተብሎ ወሰዱኝ፤ የመረረ ቅጠል አጠጣኝ፣ ያለችኝን አንጀት ልተፋት ደረስኩ። ባሌ ከወንጂ መጥቶ ሲያየኝ ጋሪ ጠርቶ ሆስፒታል ወሰደኝ። አማቴ ከኋላ “መርፌ ከወጋሽ ታልቂያለሽ” ይላሉ፤ የወፍ በሽታ መርፌ አይወድም ይባል ነበርና። ባሌ እናቱን መልስ ሲነሳ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሐኪሙ ኩባዊ ነው፤ ያኔ ብዙ ኩባዎች ነበሩ። ወጣት ነው፣ እጁ ጸጉራም። አማርኛ አይችልም፤ አንድ ጸጉሩ የሸበተ ድሬሰር፣ የሕክምና ረዳት፣ ነው የሚያስተረጉምለት። ሐኪሙ እጁን ከጎድኔ ሥር ጫን አድርጎ አየር ሳቢ አስባለኝ። ስስብ ትንፋሼ ግማሽ መንገድ ላይ ተቆረጠ። ራሱን ነቀነቀ፣ የሚያውቀውን ሰው መንገድ ላይ እንዳገኘ። ተነጋገሩና ድሬሰሩ ወደ እኔ ዞረ። ሐሞትሽ የሚቀመጥበት ከረጢት ውስጥ ጠጠር አለ፣ አንዱ ወጥቶ ቧንቧውን ስለዘጋው ነው ዓይንሽ ቢጫ የሆነው፣ ይልሻል አለኝ።

ጠጠር። እኔ እንግዲህ ከቀበሌ ሱቅ የምናመጣው የራሽን ምስር ትዝ አለኝ። ጠጠሩ ብዙ ነበር፣ ስለቅም ዓይኔ ይደክማል፣ አንዳንዴ ጥርስ ሥር ቀጭ ይላል። ስለዚህ ጥፋቴን ተናዘዝኩ፤ ምስሩን በደንብ አልለቀምኩም ይሆናል አልኩ። ድሬሰሩ ለሐኪሙ ሳይነግር ሳቀ። ሐኪሙ ምን አለች ሲለው ነገረው፣ እሱ አልሳቀም። ወረቀት ላይ ጉበት ሣለ፣ ከሥሩ አንዲት ትንሽ ከረጢት አንጠለጠለ። የበላሽው አይደለም፤ ጉበት ያወጣው ሐሞት ከረጢቱ ውስጥ ሲቆይ ይወፍራል፣ ይረጋል፣ ቀስ በቀስ ድንጋይ ይሆናል። ወረቀቱን ሰጠኝ። ቤት ወስጄ ሳየው ጉበቱ የበግ ጆሮ መሰለኝ።

ግሉኮስ ሰቀሉልኝ፣ መርፌም ወጉኝ፣ አላለቅኩም። ቢጫው በሳምንት ውስጥ ለቀቀኝ፤ የወጣው ጠጠር ራሱ አልፎ ሄዶ ነው አሉ። የቀሩት ግን የራጅ ፎቶ ተነስተው መታየት አለባቸው፣ ዓይንሽ በደንብ እስኪጠራ ቆይተሽ ነሐሴ ላይ ነይ፣ እስከዚያ ጮማ፣ ቅቤና እንቁላል አትቅመሺ ተባልኩ። አማቴ ሐኪም ሁልጊዜ ቅቤ ይከለክላል አሉ። እኔም የሐዋርያት ጾም ስለነበር መከልከሉ አልተሰማኝም፣ ሐምሌ ላይ ሲፈታም ፍልሰታ እስኪገባ ብዬ ሽሮዬን ቀጠልኩ። አላመመኝም። እንደገና ጾሜ ነው አልኩ።

ነሐሴ ስሄድ ታዲያ ፍልሰታ ገብቷል። ፍልሰታን ሕፃን እንኳ ይጾመዋል። አስተኙኝና ማታ ኪኒን አስዋጡኝ፤ ኪኒኑ ከረጢቱ ውስጥ ገብቶ ለፎቶ እንዲታይ ያደርገዋል። ጠዋት አነሱኝ። ከዚያ ድሬሰሩ ሳህን ይዞ መጣ፣ በቅቤ የተጠበሰ ሁለት እንቁላል። ብይውና ሁለተኛ ትነሺያለሽ፤ ቅባት ሲገባ ከረጢቱ ይጨመቃል፣ ሐኪሙ ሲጨመቅ ማየት ይፈልጋል አለኝ። እኔ ሳህኑን ይዤ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። በፍልሰታ እንቁላል። የሆስፒታሉ ድመቶች መጡ። ሰጠኋቸው። ባዶ ሳህን መልሼ በላሁ አልኩ።

ፎቶው ተነሳ። ከረጢቱ እንደነበረው ነው፣ ንቅንቅ አላለም። ሐኪሙ ፎቶውን ወደ መብራቱ ያነሳል፣ ያወርዳል፣ ሌላ ሐኪም ይጠራል። እኔ ግራ መጋባቴ ሳያንስ ሐኪሙንም ግራ አጋባሁት። አፈርኩ፣ ግን ልናገር አልቻልኩም። ድሬሰሩ አልጋዬ ድረስ መጥቶ ድምፁን ዝቅ አደረገና “እህቴ፣ ነገ ፎቶ የምናነሳው አንቺን ነው ድመቷን?” አለኝ።

አይቶኝ ነበር። እኔም እኮ ጿሚ ነኝ አለኝ፤ ይሄ ምግብ አይደለም፣ ኪኒኑን እንደዋጥሽው ዋጪው። በማግስቱ እንደገና ኪኒኑን ውጬ፣ አማትቤ፣ እንቁላሉን በላሁ። እያለቀስኩ ነው የበላሁት። እሱ አጠገቤ ቆሞ እያንዳንዷን ጉርሻ ይጠብቃል። ፎቶውን አንስተውኝ ወደ አልጋዬ ሳልደርስ ያ ነገር ጨምድዶ ያዘኝ፣ ያው ቦታ፣ ያው መንገድ፣ ጎን፣ ጀርባ፣ ትከሻ።

በዚያ ሕመም መሃል ዓይኔን ገልጬ ዙሪያዬን አየሁ። ማን አለ? አንዲት የወለደች ልጅ፣ አንዲት እግሯ የተሰበረ አሮጊት፣ ድሬሰሩ። ጎረቤቴ የለችም። በዓልም አይደለም። ዶሮ የለ፣ ድፎ የለ፣ በሩ አጠገብ የተቀመጠ ሰው የለ። ቅቤ ብቻ ነው ያለው። ያቺ አረንጓዴ ጨርቅ ፍም ላይ ስትኮማተር መጣችብኝ። መርፌ ሰጥተውኝ ሕመሙ ሲተወኝ እንኳ ለቅሶዬ አልተወኝም፤ ነርሷ አሁንም ያምሻል ወይ ትለኛለች፣ አዎ እላለሁ።

ለአማቴ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ነገርኳቸው። እዚህ የማያውቀኝ ሰው መሃል አመመኝ፣ ዓይን አይደለም አልኳቸው። “ድሬሰሩ ይሆናል” አሉ፣ “እየጾመ ነው ስትበዪ ያየሽ።”

ሐኪሙ ጠጠሮቹ አይሟሙም፣ ከረጢቱ ይውጣ፣ ካልወጣ ሌላ ጊዜ ቧንቧውን የዘጋው ጠጠር ላያልፍ ይችላል አለ። ያለ እሱ መኖር ይቻላል ወይ ብዬ አስጠየቅኩ። ይቻላል፣ ሐሞቱ ከጉበት ቀጥታ ወደ አንጀት ይወርዳል አለ። ባሌ ደም ሰጠ። የኦፕራሲዮኑ ወረቀት ላይ ጣትሽን አድርጊ ሲሉኝ እስክሪብቶ ጠየቅኩ፤ ስሜን ጻፍኩ። “ሬ” የምትለው ፊደል አለችበት፣ ጎረቤቴ እጄን ይዛ ያስተማረችኝ ናት።

ስነቃ ጎኔ የታሰረ፣ አንድ የላስቲክ ቱቦ የወጣበት፣ ጉሮሮዬ የደረቀ ነው። ውኃ አይሰጡም። ማሳል ሞት ነው። በሦስተኛው ቀን ድሬሰሩ ጠጠሮቹን በፔኒሲሊን ጠርሙስ አመጣልኝ። ሽምብራ የሚያካክሉ፣ ቡናማ፣ ጎናቸው ተፋግቶ ጠፍጣፋ የሆነ። ሐኪሙ አልጋዬ ላይ ተቀምጦ ከምን እንደሚመጣ አስረዳኝ። ሴት ላይ ይበዛል፣ የወለደች ላይ ይበዛል፣ ዕድሜዋ ወደ አርባ የተጠጋ፣ ክብደት ያላት፣ እናቷ የነበረባት። በቶሎ መክሳትም ያመጣዋል፤ ሰው ረጅም ሰዓት ሳይበላ ሲቆይ ሐሞቱ ከረጢቱ ውስጥ ይተኛል፣ ይረጋል። ከዚያ በአንድ ጊዜ ጮማ ሲገባ ከረጢቱ ይጨመቅና ጠጠሩ በሩ ላይ ይወተፋል፣ ያ ነው ሕመሙ።

ታዲያ ያመመኝ ጾሙ ነው ቅቤው አልኩት። ድሬሰሩ አስተረጎመ። ሐኪሙ ትከሻውን ሰበቀ። ሁለቱም፣ አንዱም ብቻ አይደለም፣ መውለድሽም አለበት፣ የዘር ደሙም አለበት አለኝ። እኔ አንድ ነገር ንገሩኝ ነበር የምፈልገው። አንድ የምይዘው ነገር። ጾሜ ነው ያዳነኝ ብዬ ነበር፣ ጠጠሩን ካጠራቀሙት አንዱ እሱ ነው ማለት ነው። ቅቤው መድኃኒቴ ነው ብዬ ነበር፣ ቀስቃሹ እሱ ነው። ጎረቤቴ ናት ብዬ ነበር፣ እሷ ምንም አይደለችም። ይሄ የመጨረሻው ብቻ ነበር ግልጽ የሆነልኝ።

ቤት ስመለስ ሰፈሩ ሁሉ ሊጠይቀኝ መጣ። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ዳቦ ተቆለለ። እሷ አልመጣችም። በግድግዳው ወዲያ ስታስል እሰማታለሁ። ከባድ አታንሺ፣ ሩቅ አትሂጂ ተብያለሁ፤ የእሷ ደጅ ሩቅ አይደለም ብዬ አንድ ቀን አማቴ ገበያ ሲሄዱ ጎኔን ደግፌ ሄድኩ።

ግቢዋ ውስጥ ቅቤ በውኃ እያጠበች አገኘኋት። አካም ጅርታ አለችኝ፤ ደህና ነሽ ማለት ነው፣ ለማንም የሚባል ሰላምታ ነው። ኦቦሌቲ አላለችኝም። በርጩማ አቀረበችልኝ። እኔ አልጋ ላይ ሆኜ የምናገረውን ስደረድር ነበር፣ ሁሉንም እንደመጣ አፈሰስኩት። ሻሽሽ ሲቆረጥ አውቄያለሁ፣ ዝም ብያለሁ። ዓይን አይደለም፣ ጠጠር ነው። አንቺ አይደለሽም፣ ሐኪሙ የሚያስነሳው ቅቤ ነው ብሎኛል። ሌላም ሌላም አልኩ።

እጇን ውኃው ውስጥ እንዳደረገች ቀረች።

“የትኛው ቅቤ?” አለችኝ።

“የጠጣሁት።”

“እኔ ያነጠርኩልሽ?”

ያን ጊዜ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። ከጥፋቱ ላጸዳት መጥቼ ነበር። አይ፣ ጠጠሩ በፊትም ነበረ፣ ቅቤ ጠጠር አይሠራም፣ የሚጨምቀው ነው እላለሁ፤ ከረጢት እላለሁ፣ ቧንቧ እላለሁ፣ በእጄ አሳያለሁ። ለራሴ በደንብ ያልገባኝን ለሰው እንዴት አድርጌ ላስረዳ? እሷ አንገቷን ደፍታ ትሰማኛለች።

“ታዲያ አማትሽ ምን አጠፉ?” አለች። “ሕመሙ ከእኔ ቤት ነው የመጣው አሉ። ከእኔ ቤት ነው የመጣው።”

“አንቺ አላወቅሽም” አልኳት።

“እሳቸውም አላወቁም።”

ኋላ ቁስልሽን አሳዪኝ አለችኝ። ገለጥኩላት። ከጎድኔ ሥር እስከ እምብርቴ አጠገብ ነው የተሰፋው። እጇ ቅቤ ስለሆነ አልነካችውም፣ ጎንበስ ብላ አየችው። ይሄን ያህል ከፈቱሽ አለች፣ ለእኔ አይደለም፣ ለራሷ ነው የምታወራው። ከዚያ አትቁሚ፣ ሂጂና ተኚ አለችኝ። ተቆጥታ ይሁን አዝና ይሁን ከድምፅዋ መለየት አልቻልኩም። ቤቴ ገብቼ ጋደም አልኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ምን ሰጥቻት እንደመጣሁ አላወቅኩም።

በአራተኛው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ መጣች። ሽሮ በውኃ ተሠርቶልኝ እየበላሁ ነበር። ባሏ ከዝዋይ ያመጣውን ፓፓያ ይዛለች። አማቴ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ወደ እኔ አልገባችም፣ እሳቸው ፊት ቆመች።

“እማማ” አለቻቸው፣ “ልያት ወይስ ዓይኔን ልጨፍን?”

እንዝርቱ ቆመ። አማቴ ወደ እኔ ያያሉ፣ ወደ እሷ ያያሉ። ኋላ ነው “እዪያት፣ ልጄ” ያሉት፣ “ግቢና እዪያት።”

ገባች። ፓፓያውን አስቀምጣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና አየችኝ፤ ከሳህኑ እስከ ፊቴ፣ ከፊቴ እስከ ታሰረው ጎኔ፣ ቀስ ብላ። እኔ ጉርሻዬን ይዤ ልዋጠው ልተፋው ግራ ገባኝ። “ብዪ እንጂ፣ ኦቦሌቲ” አለችኝ። በላሁ፣ እያየችኝ።